ለቮልስ የክረምት ጎማ፦ በእርጥብ አስፋልት መንገድ የሚይዝ ጎማ አመራረጥና አገጣጠም

ቮልስ ባዶዋን 800 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ከክብደቷ ከመቶ 60 ያህሉ የሚያርፈው በኋላ ጎማዎች ላይ ነው። የፊቶቹ መሬቱን የሚጫኑት በቀስታ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ውሃውን ሰንጥቀው አስፋልቱን እንዲነኩ የሚረዳቸው ክብደት የላቸውም። የኋላዎቹ ክብደቱ አላቸው፤ ነገር ግን ኩርባ ላይ አንዴ መንሸራተት ከጀመሩ ያው የሞተር ክብደት መኪናዋን ይዞ ይዞራል። ለዚህ ነው ለሌላ መኪና የሚሰጠው የጎማ ምክር ለቮልስ ሁልጊዜ የማይሠራው። ሰፊ ጎማ፣ ብዙ ንፋስ፣ ቶሎ የማያልቅ ጠንካራ ጎማ፦ ሦስቱም ለዚህች መኪና በዝናብ ቀን ጠንቅ ናቸው።

ይህ መመሪያ ከ1953 ወዲህ ለተሠሩ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባለ 15 ኢንች ቸርኬ ቮልሶች ነው። የምትቀይሩ ከሆነ በግንቦት ጨርሱት። ከባዱ የሐምሌ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት የሚጥሉት የመጀመሪያዎቹ ካፊያዎች ይበልጥ ያንሸራትታሉ፤ በበጋው አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይት፣ አቧራና የጎማ ብናኝ ከትንሽ ውሃ ጋር ሲቀላቀል እንደ ሳሙና ይሆናል። አዲስ ጎማም መንገድ ለመልመድ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ያስፈልገዋል።

1. ጎማ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት መኪናዋን ለኩ

መጀመሪያ ቸርኬውን እዩ። አሮጌዎቹ ቮልሶች አምስት ቡሎን አላቸው፤ ቡሎኖቹ በ205 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ተራርቀው የተቀመጡ ናቸው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመጡት አራት ቡሎን በ130 ሚሊ ሜትር ነው። የአራቱን ለማረጋገጥ ከአንዱ ቡሎን መሐል በትይዩ እስካለው ቡሎን መሐል መለካት ይበቃል።

ከዚያ የቸርኬውን ስፋት አግኙ። ብዙ ጊዜ ብረቱ ላይ 4 ወይም 4½፣ ቀጥሎ ጄ የምትባለዋ የላቲን ፊደል፣ ከዚያ 15 ተብሎ ተመቷል። ዝገትና ቀለም ሸፍኖት ካልታየ ጎማው ሲወልቅ በሁለቱ ከንፈሮች መካከል ያለውን ርቀት ከውስጥ ለኩ። 102 ሚሊ ሜትር ከሆነ 4 ኢንች፣ 114 ከሆነ 4½ ኢንች ነው። ከከንፈሩ አጠገብ ዙሪያውን የሚሄድ ትንሽ ጉብታ መኖር አለመኖሩንም በጣታችሁ ዳብሱ፤ በፊደል ኤች 1 ተብሎ የሚመታው ይህ ነው። ጉብታው ንፋስ ያነሰው ጎማ ኩርባ ላይ ከመቀመጫው እንዳይሾልክ ይይዘዋል። ጉብታ የሌለው ቸርኬ ያለ ከመነዳሪ መነዳት የለበትም።

በመጨረሻ ከኋላ ተንበርክካችሁ አክሱን እዩ። ከጊርቦክሱ አጠገብ በእያንዳንዱ ጎን አንድ የላስቲክ ሽፋን ብቻ ካለና ከዚያ እስከ እግሩ ወፍራም ቱቦ ከሄደ፣ ተወዛዋዡ አሮጌ አክስ ነው። በእያንዳንዱ ጎን ሁለት መጋጠሚያ፣ አንዱ ከጊርቦክሱ ሌላው ከእግሩ ዘንድ ካለ፣ አዲሱ ነው። ልዩነቱ ለጎማ ምርጫ ትልቅ ትርጉም አለው። በአሮጌው አክስ ኩርባ ላይ ሳላችሁ ድንገት ነዳጅ ብትለቁ ወይም ፍሬን ብትይዙ የመኪናዋ ጀርባ ከፍ ይልና የኋላ እግሮች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ያን ጊዜ ጎማው በሙሉ ፊቱ መርገጡን ትቶ በጠርዙ ይቆማል። በደረቅ መንገድ ታመልጡ ይሆናል፤ በእርጥብ ግን ጀርባዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሄዳል። አሮጌው አክስ ያላችሁ ከዚህ በታች ስለ ኋላ ጎማ የሚባለውን ሁሉ በእጥፍ ጥንቃቄ ውሰዱት።

2. መጠኑን ምረጡ

መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት 5.60-15 የሚባለው፣ ክሮቹ የተጠላለፉ (ክሮስ) ጎማ ነው፤ በእኛ አገር ገበያ ናይለን የሚሉት ዓይነት። የራዲያል አቻው 155 አር 15 ወይም 155/80 አር 15 ነው (155 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 15 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው)። በኋላ ለመጡትና ባለ 4½ ኢንች ቸርኬ ለሆኑት 165 አር 15 ወይም 165/80 አር 15 ይስማማል። ምርጫችሁ በእነዚህ ሁለቱ መካከል ይሁን። ክሮሱን ጎማ ለኤግዚቢሽን ውበት ካልሆነ በቀር ለዝናብ አታስቡት። ራዲያል ከላዩ የሚዞረው የብረት ቀበቶ ጥርሱን መሬት ላይ አስተካክሎ ያስተኛዋል፤ ክሮሱ ግን ጎኑ በተጣመመ ቁጥር ጥርሱ አብሮ ይጣመማል።

ትልቁ ወጥመድ 195/65 አር 15 ነው። የትም ይገኛል፣ ዋጋው ይቀላል፣ ቁመቱም 634 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከ155/80ው 629 እና ከ165/80ው 645 መካከል ይገባል። ሻጩ «ልክ ነው» ሲላችሁ በቁመት አልዋሸም። ችግሩ ስፋቱ ነው። ይህ ጎማ ቢያንስ 5½ ኢንች ቸርኬ ይፈልጋል፤ 185/65ውም ቢያንስ 5። በ4 ኢንች ቸርኬ ላይ ሲገባ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ይቆነጠጣሉ፣ መሐሉ ያብጣል፣ ትከሻዎቹ ከመሬት ይነሳሉ። ሰፊ ጎማ ገዝታችሁ የምትረግጡት በጠባብ መሐሉ ነው፤ ኩርባ ላይ ደግሞ ጎኑ ይወላገዳል።

በትክክለኛ ሰፊ ቸርኬ ላይ ቢሆን እንኳ ስፋት ለቮልስ ፊት አይበጅም። ቀላል ክብደት በሰፊ ጎማ ላይ ሲበተን በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚያርፈው ጫና ያንሳል፤ ውሃውን የሚያስለቅቀው ደግሞ ያ ጫና ነው። ጠባብ ጎማ ውሃን እንደ ጀልባ አፍንጫ ይሰነጥቃል።

ለሚኒባስ የተሠሩትን፣ ከመጠኑ ቀጥሎ ሲ የምትባል ፊደል ያለባቸውንም እለፏቸው። ከባድ ጭነት በብዙ ንፋስ እንዲሸከሙ ስለተሠሩ በቮልስ ክብደትና በ18 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ የሚለካበት ልክ) አይተጣጠፉም፤ የማይተጣጠፍ ጎማ ደግሞ የመንገዱን ሸካራነት አይጨብጥም። የጭነት ቁጥሩ አያስጨንቃችሁ፦ 82 ማለት በአንድ ጎማ 475 ኪሎ፣ 86 ማለት 530 ኪሎ ነው፤ ሁለቱም ለቮልስ ይተርፋሉ። የፍጥነት ፊደሉም ኤስ (180 ኪሎ ሜትር በሰዓት) ወይም ቲ (190) ቢሆን ከበቂ በላይ ነው።

3. የጎማውን ጎን አንብቡ፤ መጀመሪያ ዕድሜውን

ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው። ብዙ ቮልሶች በዓመት ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ይሄዳሉ። በዓመት 3,000 የምትሄድ መኪና በ7 ዓመት ውስጥ 21,000 ብቻ ትሄዳለች፤ ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ በእርጅና ይሞታል። የደረቀ ላስቲክ በደረቅ አስፋልት ደህና መስሎ ይታያል፤ እርጥብ ላይ ግን እንደ ፕላስቲክ ይሆናል። ስለዚህ ስመ ጥር ሆኖ አሥር ዓመት መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ጎማ ይልቅ፣ ዘንድሮ የተሠራ መካከለኛ ጎማ ይሻላል።

ዲኦቲ የሚሉትን የላቲን ፊደሎች ፈልጉና የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች ብቻ ያዙ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፦ 2319 ማለት የ2019 23ኛ ሳምንት ነው። ሙሉው ኮድ የሚታተመው በአንዱ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል ካላያችሁት ጎማውን አገላብጡት። ቁጥሩ ሦስት ብቻ ከሆነ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ የቱንም ያህል ቢያምር አትንኩት።

እዚህ ላይ የእኛን አቆጣጠር ከፈረንጁ ጋር እንዳታምታቱ። 1216 የሚል ጎማ አይታችሁ «16 ዓመተ ምሕረት ነው፣ ገና አዲስ ነው» ብትሉ ተሳስታችኋል። እሱ መጋቢት 2008 ዓ.ም. ነው፤ ከገመታችሁት በስምንት ዓመት ገደማ የሚያረጀውን እንደ አዲስ ልትገዙ ነው።

ስትገዙ ከሁለት ዓመት ያልበለጠውን ፈልጉ። ካምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ አስመርምሩ፤ ለዝናብ የምትነዱት ከሆነ ከሰባተኛው ዓመት ወዲያ አታቆዩት፤ አሥር ዓመት ከሞላው ግን መልኩ ምንም ቢሆን ይውጣ። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ የምታስመጡ ከሆነ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የአራቱንም ጎማ የቀን ቁጥር ፎቶ አስነስታችሁ ተቀበሉ። የአንዱን ብቻ አይደለም፤ ከአንድ ሱቅ የወጡ አራት ጎማዎች የተለያየ ዕድሜ ሊኖራቸው ይችላል። በሞቃት መጋዘን የከረመ ጎማ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል።

ቀጥሎ ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ ጎማዎች ላይ የሚታተመውን ደረጃ እዩ። ትራክሽን ከሚለው ቀጥሎ ኤኤ፣ ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ይጻፋል። ደረጃው የሚወጣው በረጠበ አስፋልትና በረጠበ ኮንክሪት ላይ እግሩ ተቆልፎ በቀጥታ ሲጎተት በሚለካ የመያዝ ኃይል ነው፤ ለኤኤ በአስፋልት ከ0.54 በላይ፣ ለኤ ከ0.47 በላይ ያስፈልጋል። ለቮልስ ኤ ጥሩ ነው፤ ቢ የሆነውን ተዉት። ፈተናው በቀጥታ መጎተት ብቻ ስለሆነ ስለ ኩርባም ሆነ ጎማው በጥልቅ ውሃ ላይ ስለ መንሳፈፉ ምንም አይነግራችሁም።

ትሬድዌር የሚለው ቁጥር ጎማው ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ለማነጻጸር ነው። ብዙ ሰው ትልቁን ይመርጣል፤ የቮልስ ባለቤት ግን ለማይጠቀምበት ነገር ነው የሚከፍለው። 500 እና ከዚያ በላይ የሆነ ጎማ ብዙ ጊዜ ጠንከር ያለ ላስቲክ ነው። ያው አምራች 300 ወይም 400 የሚለው ካለው እሱን ውሰዱ። ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ የአንዱን ድርጅት ከሌላው ጋር ማወዳደር ግን አያስተማምንም።

የአውሮፓው መለያ ላይ ደመናና ዝናብ የሚያሳየው ምልክት ከኤ እስከ ኢ ያለውን የእርጥብ መንገድ ደረጃ ያሳያል። ነገር ግን ከጥቅምት 1990 በፊት ለተመዘገቡ መኪናዎች ብቻ ታስበው የተሠሩ ጎማዎች ከዚህ መለያ ነፃ ናቸው። እንደ ሚሸሊን ኤክስዜድኤክስ ያለ ለአሮጌ መኪና የተሠራ ጎማ ላይ መለያ ብታጡ ጎማው ፎርጂድ ነው ማለት አይደለም። በዚያው መጠን መለያ ያለው ዘመናዊ ጎማ ካገኛችሁ ግን፣ መልኩ ባያምርም፣ ለክረምት ቅድሚያ የሚሰጠው እሱ ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ በላስቲኩ ውስጥ በብዛት የገባው ሲሊካ በእርጥብ መንገድ መያዝን በጣም ለውጦታል፤ የድሮ መልክ ያለው ሁሉ ይህ ቅመም አለው ማለት አይቻልም።

4. ጥርሱን ፍረዱ

ጎማው ዙሪያውን የሚሄዱ ቢያንስ ሦስት ሰፋፊ ቦዮች ይኑሩት፤ ውሃውን በብዛት የሚያሳልፉት እነሱ ናቸው። ከእነሱ ወደ ትከሻው የሚወጡ መሻገሪያዎች ይኑሩ፣ ጫፋቸውም ክፍት ይሁን፤ የተዘጋ ቦይ ውሃ ያቁራል። በጥርሶቹ ፊት ላይ ደግሞ እንደ ምላጭ ጭረት የቀጠኑ ብዙ ስንጥቆች ፈልጉ። እነዚህ ስንጥቆች ቦዮቹ ካሸሹት በኋላ የሚቀረውን ስስ የውሃ ፊልም ይጠርጋሉ፤ በረጠበ ኮብልስቶን ላይም ከቦዩ ይልቅ የሚረዷችሁ ስንጥቆቹና የላስቲኩ ልስላሴ ናቸው።

በቀስት አቅጣጫው የተወሰነ ጎማ ለቮልስ አያስፈልግም። ያለው አንድ ስኮርት ስለሆነ በአንዱ ጎን ብቻ ነው በትክክል የሚገባው።

የላስቲኩን ሁኔታ በጥፍራችሁ ፈትሹ። ጥርሱ ላይ ስትጫኑት ሰርጎ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው። ጥፍሩን ጨርሶ ካልተቀበለ፣ ወይም በቦዮቹ ሥርና በጎኑ ላይ የፀጉር ስንጥቅ ካለ፣ ደርቋል። ያገለገለ ስትገዙ በተለይ በቢላ ጥርስ የተቆረጠለትን ለዩ፦ የቦዩ ግድግዳ ሸካራ፣ ጥልቀቱ ወጣ ገባ ሲሆን፣ በቦዩ ሥር ያሉት የማለቂያ ምልክቶችም ተቆርጠው ጠፍተዋል። ለእንዲህ ያለው ጎማ በአስፋልቱና በቀበቶው መካከል የቀረው ላስቲክ ስስ ነው።

5. አራቱንም አንድ ዓይነት

ከፊት ራዲያል፣ ከኋላ ናይለን በፍጹም አይገባም። ፊቷ ይይዛል፣ ጀርባዋ ይንሸራተታል፤ በቮልስ ከዚህ የከፋ ቅልቅል የለም። ሁለት ብቻ ለመግዛት አቅም ካላችሁ አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ። የፊቱ ሲንሸራተት መሪው ቀለል ይልና ትሰሙታላችሁ፤ ነዳጁን ቀስ አድርጋችሁ ስትቀንሱ ይመለሳል። የኋላው ሲሄድ ግን ጊዜ አይሰጥም።

6. ጎሚስታው ጋ ሲገጠም

ቆማችሁ አስገጥሙ። የቸርኬው መቀመጫ በሽቦ ብሩሽ ይጠረግ፣ የዛገው ይቀባና ይድረቅ። ጎማው በሳሙና ውሃ እንጂ በዘይት ወይም በግሪስ አይግባ፤ ዘይት ላስቲኩን ይበላዋል፣ ጎማውም ቸርኬው ላይ እንዲሽከረከር ያደርጋል።

ከመነዳሪ የሚገባ ከሆነ አዲስና ለራዲያል የተሠራ፣ በመጠኑም 155 ወይም 165-15 የሚል ይሁን። አሮጌው ከመነዳሪ የተለጠጠ ስለሆነ አዲሱ ጎማ ውስጥ ይታጠፍና በእጥፋቱ ይፈነዳል። በጎማው ውስጥ የተለጠፈ የወረቀት መለያ ካለ ይነሳ፤ እየፈተገ የሚበሳው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ከመነዳሪውን ቦሮታልኮ አልብሱት፣ ትንሽ ንፋስ ስጡና እንዲዘረጋ አድርጉ፣ መልሳችሁ አስተንፍሱት፣ ከዚያ ሙሉ ንፋስ ሙሉ። ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ቢዘለል የተጣመመው ከመነዳሪ በኋላ መንገድ ላይ ያስቆማችኋል።

ባላንስ ይደረግ። ቡሎኖቹ መጀመሪያ በእጅ ይግቡ፣ ከዚያ በመስቀል ቅደም ተከተል ይጠብቁ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ። መኪናዋ የተቀየረ ቸርኬ ከነበራት የዚያ ቸርኬ ቡሎኖች ለኦሪጅናሉ ላይሆኑ ይችላሉ፤ የቡሎኑ መቀመጫ ቅርጽ ከቀዳዳው ጋር መግጠሙን አነጻጽሩ።

7. ንፋስ፦ የፊቱና የኋላው አንድ አይደለም

ብዙ ጎሚስታ ሁሉንም 30 ይሞላል። በቮልስ ይህ ስህተት ነው። ለራዲያል የመነሻ ልኩ ከፊት 18፣ ከኋላ 27 ፒኤስአይ ነው። ሰውና ዕቃ ስትጭኑ በሁለቱም ላይ አንድ ሁለት ጨምሩ። ልዩነቱን ግን ጠብቁ፤ የፊቱ ከኋላው በ8 ወይም በ9 ያነሰ መሆኑ ነው ፊቷ ቀድማ እንድትንሸራተት፣ ጀርባዋም እንድትረጋ የሚያደርገው። የፊቱን 30 ብታደርጉት ቀላሉ አፍንጫዋ በጎማው መሐል ብቻ ይረግጥና በረጠበ ኮብልስቶን ላይ ትዘላላችሁ።

ከልኩ በታች መውረድም የባሰ ነው። ጥርሱ ያለቀ ጎማ በቆመ ውሃ ላይ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት ከንፋሱ ጋር ይያያዛል፦ በ18 ፒኤስአይ 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ሲሆን በ12 ወደ 58 ይወርዳል። በቀለበት መንገድ ላይ ውሃ በተኛበት በ60 የሚሄድ ቮልስ፣ ፊቱ ንፋስ ካነሰው፣ መሪው እጃችሁ ላይ ባዶ ይሆናል።

ንፋሱን ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ፣ በራሳችሁ መለኪያ ለኩ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ 1 ፒኤስአይ ገደማ ይወርዳል፤ በግንቦት ሙቀት ቀትር ላይ የተሞላ ጎማ በሐምሌ ንጋት አንሶ ይገኛል። ከፍታም አለ፦ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ስትወርዱ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው 1 ፒኤስአይ ገደማ ዝቅ ብሎ ያሳያችኋል። ለሌላ መኪና ይህ ምንም አይደለም፤ ከ18 ላይ ሲቀነስ ግን ይታወቃል።

ስኮርቱን አትርሱ። በብዙ ቮልሶች የመስታወት ማጠቢያው ውሃ የሚረጨው በስኮርቱ ንፋስ ነው፤ ስለዚህ ስኮርቱ ከ35 እስከ 42 ፒኤስአይ ይሞላል፣ ሲገጠም ደግሞ ወደ ልኩ ይቀነሳል። የዕድሜ ቁጥሩንም አንብቡት፤ ከሁሉም ያረጀው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

8. እርጥብ ላይ ሞክሩት

መጀመሪያ 200 ወይም 300 ኪሎ ሜትር በለዘብታ ንዱ፤ አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ሻጋታው ይዞት የሚመጣው አንሸራታች ሽፋን መፋቅ አለበት። ከዚያ ሰውና መኪና በሌለበት ሰፊ ሜዳ ላይ፣ ዝናብ እንደጣለ፣ በ30 ኪሎ ሜትር ፍሬን አጥብቃችሁ ያዙ። መጀመሪያ መቆለፍ ያለበት ፊቱ ነው። ጀርባዋ ቀድሞ ከሄደ የኋላውን ንፋስ ፈትሹ፤ እሱ ትክክል ከሆነ ፍሬኑን አስተካክሉ። ወደ አንድ ጎን የምትጎትት ከሆነ የተቃራኒው ጎን ፍሬን ዘይት ጠጥቶ ወይም ሳይስተካከል ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ጎማውን ከመውቀሳችሁ በፊት ታምቡሩን አስከፍቱ። አሞርዛቶሩ የሞተ መኪና ላይ ምንም ጎማ አይይዝም፤ ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ይዘላልና።

የፊት አላይመንትም በዚሁ ሳምንት ይታይ። አዲስ ጎማ በተጣመመ እግር ላይ አንድ ጠርዙ ብቻ ቀድሞ ይላጫል፤ ያን ጊዜ መሐሉ 6 ሚሊ ሜትር ጥርስ ቢኖረውም ኩርባ ላይ የምትረግጡት በተላጨው ጠርዝ ነው።

ጥርሱን በወር አንዴ በሦስት ቦታ፣ በመሐልና በሁለቱ ጠርዝ፣ ለኩ። በቦዩ ሥር ያለው የማለቂያ ምልክት 1.6 ሚሊ ሜትር ሲቀር ከጥርሱ እኩል ይሆናል፤ ለእርጥብ መንገድ ግን እሱ በጣም ዘግይቶ ነው የሚናገረው። ከሦስቱ ቦታዎች አንዱ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ፣ መጪው ክረምት ሳይገባ ጎማው ይቀየር።